ከደብተሯ የወጣው ገጽ

ጥቅምት 4

ለእትዬ መምህርት፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ?

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። አሥራ ሁለቱንም ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር ነበር። በየቀኑ አንብቤዋለሁ፤ መልሱን ግን ከየት እንደምጀምር አጣሁ። ጥያቄዎችዎ ቀላል ናቸው። ምናልባት ያስፈራኝ እሱ ነው።

እሺ፤ በተራ ልመልስ።

እሜቴ በልጅነቷ ጥርሷን ታማ አታውቅም። አንድም ቀን። ጣፋጭ አትወድም፤ ጥርሷን የምትቦርሸውም ራሷ ናት፤ ብሩሹን ከእጇ የሚቀማት ሰው ካለ ቤቱ ይደበላለቃል። «እሜቴ» የሚለውን ስም ያወጣንላትም ለዚሁ ነው። በአራት ዓመቷ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ሁላችንንም እንደ አሽከር ታየን ነበር። አንድ ቃል ሳይወጣት ስታዝዘን! አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቃሉ እንደሆነ ዛሬም አልወጣትም። እርስዎ አንገቷ ላይ ያንጠለጠሉላት፣ በጣቷ እየነካች የምትናገርበት የሥዕል ደብተር ባይኖር ኖሮ ውኃ ጠማኝ ለማለት ብርጭቆ መስበር ነበረባት። ይህን ውለታ ረስቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ። አዎ፤ ስለ ገጽ ዘጠኝ የጻፍኩልዎትን ደብዳቤ አስታውሳለሁ። ሦስት ዓመት ሆነው አይደል? አሁን ለምን እንዳነሱት አልገባኝም። ቃሉ የእናቴ ነበር፤ ፊርማው ግን የእኔ ነው። ገጽ ዘጠኝ ላይ የሳሉትን ስታይ እናቴ ደብተሩን ዘጋችው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ላዩ ላይ ቁጭ አለችበት። ቀልዴን አይደለም። «የወንድና የሴት ገላ ራቁቱን ስሎ ለእኔ ልጅ! ምን ልትሆንበት ነው? እሷ እኮ ሕፃን ናት» አለች። ያን ቀን ሕፃኗ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። እኔም ጭቅጭቁ እንዲያልፍ ብዬ ገጹ ይውጣልን ብዬ ጻፍኩ። ከዘጠና ሥዕል ስድስት ቢጎድል ምን ይጎድላል ብዬ።

እኔ እንደምንም አለሁ። ሥራዬ ያው ነው፤ በስልክ ቅሬታ መቀበል። በቀን ሰማንያ ዘጠና ሰው መስመሬ ተቋረጠ፣ ድምፄ አይሰማም፣ ማንም አያነሳልኝም ይለኛል። እኔም «ቅሬታዎን መዝግቤያለሁ፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» እላለሁ። ማዳመጫውን ስፈታ የራሴን ድምፅ መስማት ይሰለቸኛል። ስለዚህ በስልክ መነጋገር አልቻልኩም ብለው ይቅርታ አይጠይቁኝ፤ መጻፉ ለእኔም ይሻለኛል።

ጥርሷን ለምን ጠየቁኝ?

አክባሪዎ፣
የእሜቴ ታላቅ


ጥቅምት 19

ለእሜቴ ታላቅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጆሮዬ ባለበት አለ። ቀኙ ሙሉ ለሙሉ አድሟል፤ ግራው ደስ ሲለው ይሠራል። መናገር ለማይችሉ ሰዎች መስማት የማትችል መምህርት። የማዕከላችን ዳይሬክተር «ጥሩ ተገናኝታችኋል» ይለኛል። እስቃለሁ። ምን አደርጋለሁ።

ጥርሷን የጠየቅኩሽ ስለተነቀለ ነው። ባለፈው ወር፤ የታችኛው መንጋጋ፣ በግራ በኩል። እናትሽ ነግረውሽ ይሆናል ብዬ ነበር። ከደብዳቤሽ እንዳልነገሩሽ ገባኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ከክረምቱ ጀምሮ እሜቴ «ያመኛል» የሚለውን ሥዕል ትነካ ነበር። ታውቂዋለሽ፤ ግንባሩን የቋጠረው ፊት። የት ነው የሚያምሽ ስላት የገላውን ገጽ ትገልጣለች። እዚያ ላይ አምስት ሥዕል ነው ያለው፤ ራስ፣ ጥርስ፣ ሆድ፣ እጅ፣ እግር። ጣቷን በአምስቱም ላይ ታዞረዋለች፤ ታነሳዋለች፤ መልሳ «ያመኛል» ላይ ታስቀምጠዋለች። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። መዝገቡ ላይ «የሕመሙን ቦታ መለየት አትችልም» ብዬ ጻፍኩ። የእጄ ጽሑፍ ነው፤ ዛሬም አለ። ከሰዓት በኋላ የመሄጃ ሰዓት ሲደርስ ጥርሷን ስታፋጭ አየሁና ጥርስ ነው አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሐኪሙ የነቀለው በእኔ ቃል ነው። ነቅሎ ሲያበቃ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ አሳየኝ፤ ነጭ፣ ሙሉ፣ ምንም ያልነካው። «ለማንኛውም ከእንግዲህ አያስቸግራትም» አለኝ።

በማግስቱ ጉንጯ አብጦ መጣች። ደብተሯን ገለጠች። «ያመኛል»።

ሌላው ትንሽ ነገር ነው፤ ልተወው ብዬ ነበር። የሚኒባሱን ሥዕል ከደብተሩ ገነጠለችው። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በመጀመሪያው በሙጫ መለስኩት። በሁለተኛው በጠንካራው ሙጫ። አሁን አራቱንም ጥግ በናይለን ክር ሰፋሁት። የተገነጠለ ሥዕል ካየሁ መመለስ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንቀጽ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። የማዕከሉ ነርስ የእሜቴን የምርመራ ውጤት እየጠበቀች ነው። ውጤቱ ሳይመጣ ሰው ማስደንገጥ ልክ አይደለም። አትጨነቂ።

መምህርቷ


ኅዳር 2

ለእትዬ፣

እንደምን አሉልኝ። «አትጨነቂ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። እኔም በሥራዬ እለዋለሁ። መፍትሔ የሌለው ደንበኛ ሲገጥመን ነው የምንለው፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተሰጥቶናል።

እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እሜቴ ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች? ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች።»

«ጥርሷ ተነቀለ አሉ።»

«የማን ጥርስ አይነቀልም!»

«የምን ምርመራ ነው የተመረመረችው?»

ዝምታን መቁጠር ልማድ ሆኖብኛል፤ እስከ ስድስት ቆጠርኩ። «ብርድ ነው» አለችኝ። «ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ብርድ መትቷት ነው። ነርሷ ደግሞ ወሬ ትወዳለች። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።» ዘጋችው። እናቴ በሕይወቷ አንድ ቀን ቀድማኝ ስልክ ዘግታ አታውቅም፤ ሁሌም ቻው ቻው እያለች አሥር ደቂቃ የምታስቆመኝ ሴት ናት።

አጭሯ ማስታወሻዎም ደርሳኛለች። ቤታችን ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር፣ ማን እንደሚገባ እንደሚወጣ ጠይቀውኛል። መልሱ አጭር ነው። እናቴና እሜቴ ብቻ ናቸው። አባታችን ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ወንድ ዘመድ የለንም፤ እንግዳ አያድርም። እሜቴ ከቤት የምትወጣው ወደ ማዕከሉ ብቻ ነው። ጠዋት የማዕከሉ ሾፌር በሚኒባሱ ይወስዳታል፤ ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ይመልሳታል። ቀበቶዋን እንኳ ራሱ ነው የሚያስርላት፤ እናቴ መርቃው አትጠግብም። ከሁሉም መጨረሻ የሚያወርደው እሷን ነው፤ የእኛ ሰፈር የመንገዱ

ይህን ስጽፍ እስክሪብቶው ቆመብኝ። ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ መጣሁ።

የእኛ ሰፈር የመንገዱ መጨረሻ ነው።

እትዬ፣ በግልጽ ይጻፉልኝ። እንደ ደንበኛ አያባብሉኝ።

የእሜቴ ታላቅ


ኅዳር 11

ለእሜቴ ታላቅ፣

በግልጽ እጽፋለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ውጤቱ መጣ። ነርሷ ያገኘችው በሽታ በብርድም በሲሚንቶም አይመጣም። ሰው ከሰው ጋር ሲተኛ ነው የሚተላለፈው። መድኃኒት ጀምራለች፤ በሽታው ይድናል።

ወረቀቱን እንዳየሁ ክፍሌ ገባሁ። ገጽ ዘጠኝ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አልጣልኩትም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመቀሶቹ ሥር ተኝቶ ነበር። አወጣሁት። እሜቴን ጠራኋት፤ በሩን ዘጋሁት። ሌላ ሰው አልጠራሁም። ይህን ልብ በይው፤ ያስከፍለናል ብዬ እፈራለሁ።

ገጹን ፊቷ ዘረጋሁላት። ምንም አልጠየቅኳትም። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሰው ለወራት የጠፋበትን ዕቃ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ሲያገኘው እንደሚያይ ነው ያየችኝ።

ከስድስቱ ሥዕሎች በአንዱ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ከዚያ «ያመኛል»። ከዚያ በናይለን ክር የሰፋሁትን ሚኒባስ። ከዚያ ደብተሩ መጨረሻ ላይ ካሉት የሠራተኞቹ ፎቶግራፎች አንዱን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ተሳስታ እንዳይሆን ብዬ የፎቶግራፎቹን ቦታ ቀያየርኩባት፤ አገኘችው። አምስት ጊዜ ቀያየርኩ፤ አምስት ጊዜ አገኘችው። በስድስተኛው ደብተሩን ዘግታ እጄን ገፋችው። በቃኝ ማለቷ ነበር። ደብተሩ ላይ «በቃኝ» የሚል ሥዕል የለም። «እሺ» ሦስት ቦታ አለ። «አመሰግናለሁ» አለ፤ «ይቅርታ» አለ። «አይሆንም» የለም። ሠላሳ ዓመት ደብተር ስሠራ «አይሆንም» ለማን ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም። አስተማሪን ያስቸግራል።

ሾፌሩ ነው። ነገሩን አውቀሽዋል፤ ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ስታቋርጪው አየሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። በክረምቱ መኪና አልገባም ብላ ታስቸግር ነበር፤ በር ትይዛለች፣ መሬት ትቀመጣለች። ለዚህ መፍትሔ አበጀሁ። በጸጥታ ለገባችበት ቀን ኮከብ እለጥፍላታለሁ። አምስት ኮከብ ሲሞላ ሽልማት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተስተካከለች፤ በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ካርዱ ግድግዳው ላይ ነበር። ዛሬ አወረድኩት። ሃያ ሦስት ኮከብ አለው።

ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ነገሩ ወደ ፖሊስ መርማሪዎች ሄዷል። ሾፌሩ አሁንም ይነዳል፤ «እስኪጣራ ድረስ» ተብሎ። እሜቴ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቤት የምትሄደው ከእኔ ጋር በእግር ነው። ሩቅ ነው፤ ግን ጥርሷን አታፋጭም።

ምን ልበልሽ። ሰላም ሁኚ አልልሽም።

መምህርቷ


ኅዳር 20

ለእትዬ መምህርት፣

ስለ ጤናዎ አልጠይቅም።

በማስታወሻዎ ትመጪያለሽ ወይ ላሉኝ፤ ፈቃድ ጠየቅኩ። ሱፐርቫይዘሯ ምክንያቱን ጻፊ አለችኝ። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ጻፍኩ። «ሐዘን ነው ሠርግ?» አለችኝ። ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው። አንዱም አይደለም ስላት ቅጹን መለሰችልኝ።

እናቴ ደግሞ አትምጪ አለችኝ። አላለቀሰችም። «ደግሞ ይሄ ለማን ይነገራል?» አለችኝ። «ሰው ሲሰማ ምን ይላል? እናትየዋ የት ነበረች አይልም? እኔ እኮ በር ላይ ቆሜ ነው የምቀበላት። በገዛ እጄ ነው ከእጁ የምቀበላት። ግባና ውኃ ጠጣ እለዋለሁ።» ይህንኑ ደጋገመችው። ውኃ ጠጣ እለዋለሁ። ውኃ ጠጣ እለዋለሁ።

ሦስት ዓመት ያለፈውን የደብዳቤዬን ቅጂ ፈልጌ አገኘሁት። ምን ብዬ እንደጻፍኩ ያስታውሳሉ? «የእህቴን ንጽሕና ለመጠበቅ ስንል።» እንዲህ ዓይነት ቃል ከየት አመጣሁት? የጎደለውን ሥዕል እያሳደደች፣ ጣቷን ከራስ ወደ ጥርስ፣ ከጥርስ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ እግር ስታዞር የነበረው በእኔ ፊርማ ነው። በሩን ከውጭ የቆለፍኩት እኔ ነኝ።

ግን እትዬ፤ ልናገረው ነው፤ ይቅርታ አልጠይቅም። እኔ አላውቅም ነበር። ስልክ የማነሣ ሰው ነኝ። እናቴም አላወቀችም። እርስዎ ግን ባለሙያ ነዎት። ያንን ገጽ የሠሩት ለምን እንደሚያስፈልግ ስላወቁ ነው፤ ካላወቁማ ባልሠሩት። ታዲያ አንዲት አላዋቂ ከሩቅ ሆና ሁለት መስመር ስለጻፈችልዎት፣ ለምን እሺ አሉኝ? ለምን አልተጣሉኝም? ስንት ሰው ነው በቀን የሚጣላኝ፤ አንድ ሰው ቢጨመር ምን ነበረበት?

መቼ እንደጀመረ አልጻፉልኝም። በማስታወሻ ሁለቴ ጠየቅኩዎት። አያውቁም ወይስ አዝነውልኝ ነው የደበቁኝ?


ታኅሣሥ 17

ለእሜቴ ታላቅ፣

መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ለጊዜ ያለኝ ሥዕል «ዛሬ» እና «ነገ» ነው። «ትናንት» አልሠራሁም።

ለምን እሺ እንዳልኩሽ ጠይቀሻል። ሃያ ስድስት ቀን አሰብኩበት። አሥራ አንድ ቤተሰብ ነበር ገጹ ይውጣ ያለው፤ ያንቺ ደብዳቤ የመጨረሻው ነበር። ዳይሬክተሩ «እትዬ፣ ለስድስት ሥዕል ብለን ማዕከሉን እናዘጋ?» አለኝ። ደግሞም እፎይ ብያለሁ። እውነቱ ይህ ነው። ያን ገጽ ለማስተማር ፊታቸው ቆሜ ስሙን መጥራት ነበረብኝ፤ በሃምሳ አራት ዓመቴ ያፈርኩት እኔ ነበርኩ። ደብዳቤሽ ሲመጣ እፎይ አልኩ።

አሁን ወደ ምርመራው።

መርማሪዋ ደግ ሴት ናት። ይህን የምጽፍልሽ ክፉ ሰው እንድትፈልጊ ስለማልፈልግ ነው። እሜቴን ስታይ ጉልበቷን አጥፋ ቁጭ አለች፤ ስሟን ጠራች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በግራ ጆሮዬ በኩል ጮክ ብላ ጠየቀችኝ።

«ይህ ገጽ ከመቼ ጀምሮ ደብተሯ ውስጥ አለ?»

«ከኅዳር ሰባት።»

«ከዚያ በፊት?»

«አልነበረም።»

«ማን ጨመረው?»

«እኔ።»

«ከሕክምናው ውጤት በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ። የዚያኑ ቀን።»

«ሲጨመር ማን ነበር?»

«እኔና እሷ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እትዬ» አለችኝ፣ «እኔ አምንዎታለሁ። ግን ዐቃቤ ሕግ ፊት ስቀርብ የሚጠይቁኝን ልንገርዎት። ሥዕሉን የሰጧት እርስዎ፣ ያስተማሯት እርስዎ፣ ብቻዎን ሆነው ያዩት እርስዎ። ቃሏ የእሷ ነው የእርስዎ?»

«ታዲያ ያለ ሥዕል እንዴት ትናገር?»

«አትናገርም» አለችኝ። እያሾፈች አይደለም። አዝና ነው።

አየሽው? ሥዕሉ ሳይኖራት ምንም አልተናገረችም፤ ሥዕሉ ሲኖራት የተናገርኩት እኔ ሆንኩ። ከሦስት ዓመት በፊት ከሌሎቹ ሥዕሎች ጋር አብሮ ቢኖር ኖሮ፣ በየቀኑ ስትነካው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ፣ ቃሏ ቃል ነበር። በሽታውስ ስላት፤ «በሽታው ማን እንደሆነ አይናገርም» አለችኝ። ሾፌሩን ለማስመርመር ደግሞ በቂ ምክንያት የለም ተብሏል። ራሱም ፈቃደኛ አይደለም፤ መብቱ ነው።

መዝገቡ ተዘግቷል። «ማስረጃ ሲገኝ የሚከፈት» ይላል።

ሾፌሩን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። እንደ ወትሮው ቁልፉን እያቅጨለጨለ ነበር። «እትዬ!» አለኝ፣ «ሥዕልዎ አፍ አወጣ አሉ!» ሳቀ። አጠገቡ የቆሙት ሁለት እናቶችም ሳቁ፤ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እሱ ሲስቅ መሳቅ ስለለመዱ ነው። ጆሮዬ ያልሰማ አስመስዬ አለፍኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ፊቱ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሌላ ማዕከል ተዛውሯል። ደብዳቤውን አይቼዋለሁ። «ለራሱ ደኅንነት ሲባል» ይላል።

መምህርቷ


ታኅሣሥ 28

ለእትዬ፣

በኅዳር የጻፍኩልዎትን መልሼ አነበብኩት። አልሰርዘውም፤ ግን የጻፍኩት ለእርስዎ ብቻ እንዳልነበረ ይወቁልኝ። ይቅርታ አልጠይቅም ብዬ ነበር፤ እየጠየቅኩ ነው።

ሥራዬን ለቀቅኩ። የመጨረሻው ቀን አንዲት አሮጊት ደውለው «እየተሰማሁ ነው?» አሉኝ። እየተሰሙ ነው አልኳቸው። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። ማለት ያለብኝ ወረቀቱ ላይ ነበር። ማዳመጫውን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር።

በጥር አጋማሽ ቤት እገባለሁ። ከገባሁ በኋላ እሜቴ ማዕከሉ አትሄድም፤ ከእኔ ጋር ትውላለች። ምን ላስተምራት? ከየት ልጀምር? ሾፌሩ የተዛወረበትን ቦታ አድራሻ ካወቁም ይላኩልኝ። እዚያ ላሉ እናቶች እጽፋለሁ።

የእሜቴ ታላቅ


ጥር 9

ለእሜቴ ታላቅ፣

እዚያ ላለው ማዕከል ጽፌያለሁ፤ ሁለት ጊዜ። መልሱ ከአሥር ቀን በፊት መጣ፤ ከእነሱ ሳይሆን ከእኛ ዳይሬክተር። «የተዘጋ መዝገብ ይዞ የሰው ስም ማጥፋት» ይላል። በጡረታ እንድሄድ ተመክሬያለሁ። እስከዚያው የክፍሌ በር ክፍት እንዲሆን፣ ብቻዬን ከማንም ጋር እንዳልቀመጥ ታዟል። እኔ ነኝ እንዳልቀመጥ የታዘዝኩት። አድራሻውን በጀርባው ጽፌልሻለሁ።

ከየት ልጀምር ብለሻል። ከገጽ ዘጠኝ አትጀምሪ። እሱንስ ታውቀዋለች።

አዲስ ሥዕል ልኬልሻለሁ፤ የተዘረጋ መዳፍ። «አይሆንም» ነው። በወፍራም ፕላስቲክ ለብጬዋለሁ፤ ውኃ አይገባውም፤ የትም ይዛው ትሂድ። አሥር ቀን ሙሉ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሰው እያየን፣ ይህንኑ ብቻ ተለማመድን። ብርጭቆ አቀርብላታለሁ፤ መዳፉን ትነካለች፤ ብርጭቆውን አነሣለሁ። ወንበሬን አስጠጋለሁ፤ ትነካለች፤ እርቃለሁ። መጀመሪያ አላመነችም። እየነካች ፊቴን ታያለች፤ እቆጣ እንደሆነ። በሰባተኛው ቀን ክፍሉን ለቅቄ እንድወጣ አደረገችኝ። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ውጭ ቆሜ ስትስቅ ሰማኋት፤ በግራው ጆሮዬ።

ሕጉ አንድ ነው። ከነካችው ታቆሚያለሽ። ጥሩ ምክንያት ቢኖርሽም። በተለይ ጥሩ ምክንያት ሲኖርሽ። አንድ ቀን ካለፍሽው ሥዕሉ ፕላስቲክ ነው።

ዘግይቷል፤ አውቃለሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ነው።

መምህርቷ


የካቲት 1

ለእትዬ፣

ሰላምዎ ይብዛ። በደህና ገብቻለሁ። እሜቴ መድኃኒቷን ጨርሳለች። መልኳ ደህና ነው። ለእነዚያ እናቶች አምስት ደብዳቤ ላክሁ፤ አንዱ «ተቀባይ አልተገኘም» ተብሎ ተመለሰ፤ አራቱ ዝም።

ሥዕሉን ትጠቀምበታለች ወይ ብለውኛል። አዎ። ለምግብ፣ ለጫማ፣ ለሬዲዮ። እናቴ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ አመል አስተማረችልን» ትላለች። እየሳቅን ነበር የሰነበትነው። በየቀኑ እየነካች በየቀኑ እያቆምን፣ ጥሩ ተማሪዎች ነን ብዬ ልጽፍልዎት ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ገላዋን ላጥባት ገባሁ። ሁሌም የምናጥባት እናቴ ወይም፣ ቤት ስኖር፣ እኔ ነን፤ ሃያ ስድስት ዓመት። ሳፋው ውስጥ አስቀመጥኳት፣ ሳሙና መታኋት፣ ትከሻዋን ጀመርኩ። ደብተሯ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እጇን ዘርግታ መዳፉን ነካችው።

እትዬ፣ አላቆምኩም። «እሺ፣ እሺ፣ ጀርባሽን ብቻ» አልኳት። ሳቅ ብዬ። ውኃው እየቀዘቀዘ ነበር፤ ሳሙና ላይዋ ላይ ነበር፤ ጥሩ ምክንያት ነበረኝ። ሁለተኛ ነካችው። «ጨረስን እኮ» አልኳት።

ሦስተኛ አልነካችውም። እጇን አወረደች። ትከሻዋ ከእጄ ሥር ላላ፤ አንገቷ ዘንበል አለ፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሄዶ ቆመ። እንደ ጨርቅ ሆነችልኝ። ክንዷን ባነሳው የሚነሳ፣ ባወርደው የሚወርድ። አልታገለችኝም። በጣም በጸጥታ ተቀመጠችልኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። መኪናው ውስጥ እንዴት እንደምትቀመጥ አየሁት። ማንም ያላየውን እኔ በእጄ ያዝኩት።

እጄን አነሣሁ። ስፖንጁ መሬት ወደቀ። ወደ ኋላ ሄጄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። «አቆምኩ» አልኳት። «አቆምኩ፣ እሜቴ።» አላየችኝም። ሳሙናው ጀርባዋ ላይ ይደርቅ ጀመር፤ ቆዳዋ ሽፍ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ፎጣ ላለብሳት እጄ ይነሣል፤ መልሼ ጉልበቴ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ማልበስም መንካት ነው። ፎጣውን ሳፋው ጠርዝ ላይ፣ እጇ የሚደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት። አላነሣችውም። እንዲህ ሆነን ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

እናቴ በሩን ከፍታ አየችን። «ምነው! ምን ሆናችኋል? ልጅቷ በረዶ ሆነች እኮ! አለቅልቂያትና አውጫት እንጂ!»

«አልፈቀደችም» አልኳት።

እናቴ እሜቴን አልፋ አየች፤ ከበሩ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሌላ ሴት ክፍሉ ውስጥ ያለች ይመስል።

«ማን?» አለችኝ።